ጋሎዴት ሲዝን በሲዝን፣ ከ1883 እስከ ሄልሜቱ

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ነድቶ ፍሎሪዳ አቬኑን የማያውቅ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። ከዩኒየን ማርኬት ማዶ ያለው ትልቁ ግቢ፣ የሬድ ላይን ባቡር ጣቢያው እንኳን ስሙን የተካፈለው፣ ጋሎዴት ዩኒቨርሲቲ ነው፣ መስማት ለተሳናቸው ተማሪዎች የተቋቋመ፣ ሊንከን ራሱ በ1864 ሕጉን የፈረመለት ትምህርት ቤት። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፋቸው፣ እንዳትደናገሩ።) እኔ አሜሪካ ከገባሁ ዓመት አካባቢ ሲሆነኝ፣ በ2013 መኸር ላይ ማለት ነው፣ ከግቢው በር ላይ ትከሻው እንደ በር የሰፋ አንድ ልጅ ተሳፈረና አድራሻውን ስልኩ ላይ ጽፎ አሳየኝ፣ እኔም ሳላስበው እጄ ተነሳና እህቴን እንደምጠይቃት አድርጌ "ደከመህ እንዴ?" ብዬ በእጄ ጠየቅኩት።

ልጁ ደነገጠ። ምልክቱ የኛ ቤት ምልክት ስለሆነ በትክክል አልገባውም፣ ግን እጄ ማውራት እንደሚችል ገባው፣ ከዛ መንገዱን ሙሉ በመስታወት እየተያየን በጥቅሻም በእጅም ስናወራ ሄድን፣ ሲወርድ በሁለት እጁ ሞላላ ኳስ ሠራልኝና ስልኩ ላይ ካላንደር ከፍቶ ቅዳሜን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ሄድኩ። ይኸው ከዛ ወዲህ ይሄን የጋሎዴት የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ልቤ ውስጥ አስገብቼ ቀረሁ።

የእህቴን ነገር ካልነገርኳችሁ ግን ለምን እንደሆነ አይገባችሁም። ታላቄ ናት፣ እታለም ነው የምላት። ደሴ ነው ያደግነው፣ በስድስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ነፍሷ ሲተርፍ ጆሮዋ ሄደ። ሰፈር ውስጥ በስሟ የሚጠራት በጣት የሚቆጠር ነበር፣ "ዱዳዋ" ነበር የሚሏት፣ እናቴ ደብተርና እርሳስ ገዝታ ጸጉሯን ሹሩባ ሠርታ ትምህርት ቤት ብትወስዳት "እዚህ ለሷ የሚሆን የለም" ብለው መለሷቸው፣ በዛ ደብተር እኔ ተማርኩበት። እንደ ሌላው ቤት እኛም የራሳችንን የእጅ ቋንቋ ፈጠርን በቃ። ስለዚህ ከአንድ ግቢ ፕሮፌሰሩም ተማሪውም ዘበኛውም በእጁ ሲያወራ ሳይ ምን እንደተሰማኝ ልትገምቱ ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ኳሱ። የአሜሪካ ፉትቦል ለማታውቁ ባጭሩ፣ ኳሱን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል፣ በአራቱ ቢያንስ 10 ያርድ መግፋት አለበት፣ ከገፋ እንደገና አራት ይሰጠዋል፣ ካልገፋ ኳሱን ያስረክባል። ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ኳርተርባክ የሚባለው የቡድኑ አእምሮ "አሁን የምንጫወተው ይሄን ነው" ብሎ ለጓደኞቹ ይነግራል፣ ከዛ መስመር ላይ ቆመው እሱ በድምፅ ሲቆጥር በተስማሙበት ቁጥር ላይ ኳሱ ይነሳል። አስተውሉ፣ ጨዋታው ሙሉ በሙሉ የተገነባው በጆሮ ላይ ነው። ጥሪው በድምፅ፣ ቆጠራው በድምፅ፣ ማቆሚያው በፊሽካ። መስማት የተሳናቸው ልጆች እንግዲህ እዚህ ጨዋታ ውስጥ ነው የገቡት፣ ያውም ከጥንት ጀምሮ፣ በ1883።

የዛን ዘመን ሲዝን የአሁኑን አይመስልም። ኮሌጁ ያኔ ስሙም ሌላ ነበር፣ ጋሎዴት የተባለው በ1894 ነው። ሊግ የለም፣ ጨዋታው ራሱ ገና ከራግቢ እየተላቀቀ ነው፣ ያገኙትን ቡድን ይገጥማሉ፣ የሚሰሙ ኮሌጆችንም፣ እንደነሱ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶችንም። የሚሰማ ቡድን ሲገጥሙ ችግር የለባቸውም፣ ኳርተርባኩ ሜዳው መሃል ቆሞ በእጁ ፕሌዩን፣ ማለትም የሚጫወቱትን ዕቅድ፣ ቢናገር ተቃራኒው ምንም አይገባውም፣ እንደውም በግልጽ እያወሩ በሚስጥር መጫወት ነው። ጣጣው የሚመጣው እንደነሱ ምልክት የሚያነብ ቡድን ፊት ሲቆሙ ነው፣ እዛ ላይ እጅህን ካነሳህ ሚስጥርህ ወጣ።

ይቺ ናት እንግዲህ ትልቋ ታሪክ። ከ1892 እስከ 1895 ኳርተርባክ የነበረው ፖል ሃባርድ የሚባል ልጅ ነበር፣ ተቃራኒዎቹ እጁን እያዩ ፕሌዩን እንዳይሰርቁት ጓደኞቹን ጠጋ ጠጋ አድርጎ በክብ አቆማቸው፣ ጀርባቸው ወደ ውጭ፣ ፊታቸው ወደ ውስጥ፣ እሱ ክቡ ውስጥ ደረቱ አጠገብ እጁን እያንቀሳቀሰ ነገራቸው። ሃድል የሚባለው ነገር ይሄ ነው። ኮሌጁ 1894ን ነው የሚጠራው። ዛሬ ሱፐር ቦል በሚባለው ትልቁ የፉትቦል ዋንጫ ጨዋታ ላይ፣ ሰፈር ውስጥ ሕፃናት ሲጫወቱ፣ ቅርጫት ኳስ ላይ፣ የትም ሂዱ ተጫዋቾች ተቃቅፈው ክብ ሠርተው ሲመካከሩ ታያላችሁ። ሃባርድ ከተመረቀ በኋላ ካንሳስ፣ ኦሌዝ ወዳለው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ሄዶ እዛም ፉትቦል አስጀመረ፣ ክቧንም ይዟት ሄደ። ሌሎች አሰልጣኞች ስማቸው ከሃድል ጋር ይነሳል፣ በ1920ዎቹ ኢሊኖይ ላይ የነበረው ቦብ ዙፕኬ ሕዝብ ፊት ስላዘወተራት ብዙ ሰው የሱ ናት ይላል፣ እኔ ግን ለሃባርድ ነው የምሰጠው፣ ምክንያቱም ሌላው ሰው ክቧን የተጠቀመባት ስለተመቸችው ነው፣ ሃባርድ ግን ያለሷ መጫወት አይችልም ነበር።

ይሄን ለእታለም በቪዲዮ ስነግራት ምን እንዳለችኝ ታውቃላችሁ? ሳቀችና "እኛም እናደርገው የለ እንዴ" አለችኝ በእጇ። እውነቷን ነው። ልጆች ሆነን እንግዳ ቤት ሲመጣ ስለ እንግዳው በእጃችን እናማ ነበር፣ እናቴ ደግሞ ምልክታችንን አንድ በአንድ ታነባለች፣ ስለዚህ ጀርባችንን ለሰው ሰጥተን ግንባር ለግንባር ገጥመን እሷ የእናቴን ነጠላ ትከሻችን ላይ ትጥልና ከነጠላው ስር ነበር የምናወራው። ደሴ፣ ጭቃ ቤት ውስጥ፣ ስለ ሃባርድ ማንም ሳይነግረን።

ከዛ በኋላ ያሉትን ብዙ ሲዝኖች በሩጫ ነው የማልፋቸው፣ ምክንያቱም በአብዛኛው የሽንፈት ዓመቶች ናቸው። ለምን እንደሆነ ግን መናገር አለብኝ፣ አቅም አንሷቸው አይደለም። ይሄ ከ2000 ያነሰ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ነው፣ ቡድን የሚሠራው ከዛች ቁጥር ውስጥ ካሉት ወንዶች ነው፣ አብዛኞቹ ደግሞ የሚመጡት ከትናንሽ መስማት የተሳናቸው ሃይስኩሎች ስለሆነ ብዙዎቹ 11 ለ11 ተጫውተው አያውቁም፣ ሰው ስለሌለ በ8 ሰው ነው የሚጫወቱት። (በነገራችን ላይ ካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ያለው እንደዚህ ዓይነት ትምህርት ቤት በ2022 በዲቪዝዮኑ የ8 ሰው ሻምፒዮን ሆኗል፣ የሚሰሙትን ሁሉ እየጣለ።) ስለዚህ አንድ ሁለት ጥሩ ልጅ የተመረቀ ዓመት ቡድኑ በቃ ይወድቃል።

በነዚህ ዓመታት ውስጥ ግን ከበሮው አለ። ትልቅ፣ ሰው ደረት የሚደርስ ከበሮ ሜዳው ጠርዝ ላይ አቁመው እሱን በመምታት ነበር ቆጠራውን የሚያስተላልፉት፣ አንድ፣ ሁለት፣ በሦስተኛው ምት ኳሱ ይነሳል፣ ተጫዋቾቹ አይሰሙትም፣ በሰውነታቸው ይቀበሉታል እንጂ፣ በእግር መሬቱ በኩል፣ በደረት። በኋላ ላይ ቆጠራውን ትተው ሁሉም አይኑን ኳሱ ላይ ተክሎ ኳሱ ስትንቀሳቀስ አብሮ መነሳትን ለመዱ፣ ከበሮው ግን ዛሬም ጨዋታ ሲጀመር ይመታል። አጠገቡ ቆሜ አውቃለሁ፣ ልብህን ከውስጥ የሚነቀንቅህ ነው የሚመስለው።

1988 ላይ ትንሽ ልቁም። ማርች ላይ ተማሪዎቹ "መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት አሁኑኑ" ብለው ግቢውን ዘጉ፣ ኮሌጁ ከተቋቋመ 124 ዓመት ሙሉ አንድም መስማት የተሳነው ፕሬዚዳንት አልነበረውምና። በሳምንት ውስጥ አሸነፉ፣ ኪንግ ጆርዳን ተሾመ። ይሄ የኳስ ታሪክ አይደለም ትሉ ይሆናል፣ ለኔ ግን ነው፣ ከዛ በኋላ እዛ ሜዳ ላይ የሚለብሱት ማልያ ክብደቱ ሌላ ነው።

ኳሱ ግን ወዲያው አልተነሳም፣ እንደውም ተጫዋች እያጠረ ሄዶ ቡድኑ ከኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት ከሚመራው ማኅበር) ደረጃ ወርዶ ክለብ ሆነ፣ ማለትም እንደ መደበኛ የኮሌጅ ቡድን የማይቆጠር። ዓመታት እንዲህ ሄደ። ከዛ 2005 መጣች። ኮች ኤድ ሆትል የሚባል የሚሰማ ሰው ነው የያዛቸው፣ የምልክት ቋንቋ ሥራው ላይ እየተማረ፣ እና በዛች ሲዝን 9 ጨዋታ 9 ድል! አንድም ሳይሸነፉ። በቡድኑ ታሪክ ከዛ በፊት እንዲህ ያለ ሲዝን የለም፣ ከ1883 ጀምራችሁ ብትቆጥሩ 122 ዓመት ነው። አንዳንዱ ሰው "ክለብ እኮ ነው" ብሎ ያቃልላታል፣ እኔ በዚህ አልስማማም፣ እየወረደ የሄደ ቡድን ውስጥ ገብቶ ዘጠኝ ቅዳሜ ተራ በተራ ማሸነፍ ምን እንደሆነ ኳስ የተጫወተ ያውቀዋል።

የ2006 ሲዝን ደግሞ በሌላ ነገር ተዋጠች። አዲስ ፕሬዚዳንት አሿሿም ላይ ግቢው እንደገና ተነሳ፣ ኦክቶበር ላይ በሮቹ ተዘጉ፣ ከ100 በላይ ሰው በአንድ ምሽት ታሰረ፣ ወሩ ሳያልቅ ሹመቱ ተሰረዘ። የፉትቦል ልጆቹም ከተማሪው ጋር ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት በ2007 ቡድኑ ወደ ኤንሲኤኤ ዲቪዝዮን 3 ተመለሰ። ዲቪዝዮን 3 ማለት የስፖርት ስኮላርሺፕ የለም፣ ማንም ለመጫወት ብር አይከፈለውም፣ ትምህርት ክፍያህን እየከፈልክ ጠዋት ተነስተህ ትለማመዳለህ፣ ፍቅር ካልሆነ ሌላ ምክንያት የለውም።

ኮች ቸክ ጎልድስታይን በ2010 ዋና አሰልጣኝ ሆነ፣ ከሱ ጋር ነው እኔ ያገኘኋት 2013 የምትመጣው። ያ ትከሻ ሰፊ ልጅ የጋበዘኝ ቅዳሜ ሆችኪስ ፊልድ ሄድኩ፣ ምን ልበላችሁ፣ መጀመሪያ የገረመኝ ጩኸቱ ነው፣ ጸጥ ያለ ሜዳ ነበር የጠበቅኩት፣ ከበሮው፣ ቤተሰቡ፣ የሚጮኸው ሁሉ፣ ጆሮ ይበጥሳል። እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው የሚያርገበግቡት ጭብጨባ ደግሞ አለ፣ ያኔ ሜዳው ዳር በሙሉ እጅ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛ የገረመኝ ፊሽካው ነው። ዳኛው ሲነፋ የጋሎዴት ልጅ አይሰማም፣ ስለዚህ ሰው ላይ እየሮጠ ከሆነ ይመታዋል፣ ያ ደግሞ ካለቀ በኋላ መምታት ተብሎ 15 ያርድ ያስቀጣል። በዚህ ስንት ጊዜ ተናድጃለሁ መሰላችሁ፣ ልጁ ዞር ብሎ "ምን አደረግኩ?" የሚል ፊት ሲያሳይ። የገባቸው ዳኞች እጃቸውን እያወናጨፉ ልጁ አይን ፊት ይገባሉ፣ ያልገባቸው የቅጣት ባንዲራ ይጥላሉ። በሌላ በኩል ደግሞ እንግዳ ሜዳ ሄደው ሕዝቡ ሲጮኽባቸው ሌላው ቡድን ቆጠራ ይጠፋበታል፣ እነሱ ግን ምንም አይመስላቸውም።

የዛን ዓመት ከ10 መደበኛ ጨዋታ 9 አሸነፉ። የሊጋቸው፣ የኢስተርን ኮሌጅየት ፉትቦል ኮንፈረንስ ሻምፒዮን ሆኑና ከ130 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤንሲኤኤ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የተሸነፈ የሚወጣበት የሻምፒዮና ዙር፣ ገቡ። ኖቬምበር ላይ ኒውዮርክ ስቴት፣ ጄኔቫ ከተማ ሄደው ሆባርትን ገጠሙ፣ 34 ለ 7 ተሸነፉ። እኔ በዛን ቀን ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ውጤቱን ኤርፖርት ወረፋ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት፣ አዘንኩ፣ ግን ያቺን 7 ሳያት ደግሞ ደስ አለኝ፣ እዛ ድረስ ሄደው ኤንድ ዞን፣ ነጥብ የሚቆጠርበት የሜዳው ጫፍ፣ የገባ ሰው አላቸው።

ከ2014 በኋላ ያሉት ሲዝኖች ወጣ ገባ ናቸው፣ ጥሩ የጀመሩበት አለ፣ መሃል ላይ ጉዳት ያፈረሳቸው አለ፣ 2020 በኮቪድ ጨዋታ የለም። ያኔ ማስኩ ለነሱ ምን ማለት እንደነበር አስባለሁ፣ ፊት በሚነበብበት ቋንቋ ግማሽ ፊትህን መሸፈን ማለት ነው። 2022 ላይ ተመልሰው የሊጉ ሻምፒዮን ሆኑ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ፕሌይኦፍ ገቡ፣ ፔንሲልቬንያ ላይ በዴልዌር ቫሊ ተሸንፈው በመጀመሪያው ዙር ወጡ።

ከዛ 2023። አራት ተከታታይ ሽንፈት ነው የጀመሩት። አምስተኛው ጨዋታ ኦክቶበር 7፣ ቅዳሜ፣ በሜዳቸው ከሂልበርት ኮሌጅ ጋር ነበር፣ እና ያን ቀን ኳርተርባኩ ብራንደን ዋሽንግተን ያጠለቀው ሄልሜት፣ የራስ ቁሩ፣ ሌላ ነው። ኤቲ ኤንድ ቲ የሚባለው የስልክ ኩባንያ ከኮሌጁ ጋር ሆኖ የሠራው የ5ጂ ሄልሜት ነው፣ አሰልጣኙ ዳር ላይ ቆሞ ታብሌት ላይ ፕሌዩን ሲመርጥ ጽሑፉ የልጁ አይን ፊት ያለች ትንሽ መስታወት ላይ ይወጣል። ኤንሲኤኤ ለዛች አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር የፈቀደው። ነገሩን ለመረዳት ይሄን እዩት፣ ኤንኤፍኤል በሚባለው የፕሮፌሽናሎቹ ሊግ ውስጥ ኳርተርባኮች ከ1994 ጀምሮ ሄልሜታቸው ውስጥ ሬዲዮ አላቸው፣ አሰልጣኙ ጆሯቸው ላይ ያወራል። የጋሎዴት ልጅ ግን ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ ወደ ዳር ዞሮ የአሰልጣኙን እጅ መፈለግ ነበረበት፣ እስኪያየው ድረስ ሰከንዱ ይቆጥር ነበር፣ ተቃራኒውም ለመዘጋጀት ጊዜ ያገኝ ነበር። አይኑን ሜዳው ላይ ይዞ መቅረት ማለት ለሱ ትልቅ ነገር ነው።

ያን ቀን ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ሄድኩ፣ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ፣ እታለምን በቪዲዮ ልደውልላት። አሁን አዲስ አበባ ከልጇ ጋር ነው የምትኖረው፣ እዛ መሽቷል፣ መብራት አብርታ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሜዳውን አሳየኋት፣ ክቧን አሳየኋት፣ ሄልሜት ቢኖርም ክቧ አልቀረችም፣ ልጁ መስታወቱ ላይ ያነባትን በክቡ ውስጥ በእጁ ይናገራል፣ ልክ እንደ ሃባርድ። እታለም ስልኩን ወደ አይኗ አስጠግታ ነበር የምታየው። "እጃቸው ይፈጥናል" አለች። 34 ለ 20 አሸነፉ፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ድላቸው፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ሲዘሉ እኔም እየዘለልኩ ስልኩ ተገላብጦ ሰማይ አየች።

ከዛ ከበሮው ጋ ወሰድኳት። የሚመታው ልጅ በሁለት እጁ ነው የሚመታው፣ ካሜራውን ቆዳው ላይ አደረግኩት፣ ሲርገበገብ ይታያል። እታለም ልጅ ሆና ለጥምቀት ታቦት ሲወጣ ካህናቱ ከበሮ ሲመቱ ሕዝቡን ሰንጥቃ ገብታ ከበሮው ጎን እጇን ታስነካ ነበር፣ ሰው ያባርራታል፣ አንድ ሽማግሌ ግን "ተዋት" ይሏቸው ነበር፣ ደረቷ ላይ እየጠቆመች ማታ ትነግረኝ ነበር። ያን ምሽትም ዝም ብላ ስክሪኑን ስታይ ቆየችና መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ከዛ በሁለት እጇ ሞላላ ኳስ ሠራችልኝ፣ ያ ልጅ ታክሲዬ ውስጥ እንደሠራልኝ አድርጋ፣ እና ቅንድቧን ከፍ አደረገች፣ መቼ ነው የሚቀጥለው ማለቷ ነው።